የግሌን ሮንዴላዎች

ካልጋሪ ነው፤ የካቲት ነው፤ ሠላሳ ሁለት ከዜሮ በታች።
የጋራዡ በር ጥርሱን ነክሷል፤ አንዲት አምፖል ብቻ በርታለች።
ሞርሳው አፉን ከፍቶ ለስላሳ አልሙኒየም ጎርሷል፣
ብረት ብረትን እንዳይነክስ። የሚያብረቀርቅ ነገር ቶሎ ይጫራል።

አራት አሞርዛተር። ከሬድ ዲር ገዛኋቸው ባለፈው መኸር፣
ዶሪን ከምትባል ሴት፣ በጓሮ በር።
«የባለቤቴ ነበሩ» አለች፤ ሌላ አልጨመረች፤
ብሩን ሳትቆጥር አጠፈች፤
መኪናዬን እስካስነሳ ግን መስኮቱ ላይ ቆማ ነበረች።

መጀመሪያ ትንፋሹ። ቫልቩን በሚስማር ጫፍ ነካ፣
ፍስስስ አለ የታመቀው ናይትሮጅን፤ የቆየ ቂም ይመስል። ለካ
ቂምም ሲወጣ ሽታ እንኳ የለው።
ቀለበቷን በካቻቪቴ ፈልቅቄ ዘንጉን በሁለት እጄ ስስበው
ጥቁር ዘይት ተፋ፤ የሞተ ዓሣ፣ የዛገ ሳንቲም የሚሸት።
ልጄ ህሊና አፍንጫዋን ይዛ «እማዬ፣ ይሄ ነገር ቤት
ውስጥ ይሠራል?» አለችኝ። ጋራዥ ቤት አይደለም፣ አልኳት፤
ባልዲውን ያዢ። ያዘች፤ እየሳቀች፣ በድርብ ጓንት።

ዳዶውን ፈታሁ። ፒስተኑ ላይ ሮንዴላ በሮንዴላ፣
ከሰፊ ወደ ጠባብ፣ እንደ ጉልላት፤ ወረቀት የሳሱ። አንዷ ብትዛነፍ መኪናው ሌላ
መኪና ነው። ስለዚህ በሽቦ ሰካኋቸው፣ እንደ መቁጠሪያ፤
በመብራት ሒሳብ ወረቀት ጀርባ እጽፋለሁ፣ ህሊና በማይክሮሜትር ትለያለች፤
«ዜሮ ነጥብ ሁለት… ዜሮ ነጥብ አንድ አምስት…» ትላለች።

የግራ ኋላ፣ ዘጠኝ። የቀኝ ኋላ፣ ዘጠኝ። የግራ ፊት፣ አሥራ አንድ።
የቀኝ ፊት፣
አሥር።

እንደገና ቆጠርን። አሥር። ከሽቦው ሾልካ እንደሆን
ወለሉን በማግኔት ዳሰስኩ፤ ባልዲውን በወንፊት አጠለልን።
የጠፋች አይደለችም፤ ያልገባች ናት።
ክፍተቷን የምትሞላ አንዲት ትንሽ ቀለበት
አገኘን፤ ዳሯ በጥንቃቄ የተሞረደ።
ስህተት ደግሞ አይሞረድም። ሆን ተብሎ ነው የተወለደ።

ደወልኩላት። ምን ብዬ? «ይቅርታ ዶሪን፣ ባለቤትሽ
ቀኙን ለምን አለሰለሰ?»
ዝም። ሳህን ሲቀመጥ ይሰማኛል።
«በቀኝ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ፤ መንገዱን ከደብተር የማነብለት።
ወገቤን ታምሜ ነበር ያን ዓመት።
ክረምቱን ሙሉ ምድር ቤት ሲቀጠቅጥ ተኮራርፈን ነበር እንዲያውም።
በጸደይ ‹አስተካክያለሁ› አለኝ፤ ምኑን፣ እኔም አልጠየቅኩ፣ ግሌንም አልነገረኝም።»

ስልኩ ተዘጋ። ማሞቂያው ትር ትር ይላል።
መመሪያው «ግራና ቀኝ እኩል ይሁን» ይላል።
ልክ ነው። ለሌላ ሰው ብሠራ እኔም እኩል ነበር የማደርገው።
ህሊና ቀለበቷን ብርሃን ላይ በጥፍሯ አገላበጠቻት፤
ዝም አልኳት፤
በሽቦው ላይ፣ በቦታዋ፣ መለሰቻት።

አዲስ ጎማ፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ዘይት፤ ቀይ፣ የጠራ።
ዘንጉን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ቀስ፤ አረፋው ተራ በተራ
ይወጣል፤ ትልቁ፣ ትንሹ፣ ከዚያ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክለው፤
ክፉው እሱ ነው።
«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። ዘይት ነው፤ አይለቀምም።
እኩለ ሌሊት አለፈ። ጣቴ የእኔ አልመስልህ አለኝ፤ አላቆምኩም።

በሚያዝያ ከኮክሬን ወዲያ፣ በረዶው ጭቃ የሆነበት የጠጠር መንገድ፤
ህሊና በቀኜ፣ ደብተር ጭኗ ላይ፤ ግራ… ጉብታ… ግራ… ገደድ…
ጉድጓዱን አላየሁትም። ግራዬ ጥርሴን አጋጨኝ።
በእሷ በኩል ግን አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ፣ አበቃ፤
እስክሪብቶዋ እንኳ ከመስመሩ አልወጣ።